እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለ አገር የሆነ ሥዕል



ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጣና ገዳማት የሚሻገር መንገደኛ፣ በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ወይም በመጋረጃ በተሸፈነ ገበታ ላይ እመቤታችን ልጇን አቅፋ የተሣለችበትን ሥዕል ሳያይ አይመለስም። ሥዕሉ ከአባት ከአያት የተወረሰ ስለ ሆነ፣ መጀመሪያ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ታሪኩ ሲመረመር ግን፣ ከአገሩ የራቀ ሰው ትዝታውን በቀለም እንዴት እንዳቆየ፣ ያስጠጋው ሕዝብም ያንን ትዝታ እንዴት የራሱ ገንዘብ እንዳደረገው ያስረዳል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የሚጠቀሱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ ማለት ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ፣ የእመቤታችን ክብር በአዋጅ ተስፋፋ። ተአምረ ማርያምም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ተደረገ። በዚሁ ዘመን የነበረው መነኩሴ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት ታላቅ የእመቤታችን ሥዕል በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። ሠዓሊው የአገራችን ልጅ ነው፤ ተአምረ ማርያም ግን ከዐረብኛ የተተረጎመ፣ ብዙው ታሪኩም ከባሕር ማዶ የተሰበሰበ መጽሐፍ ነው። እንግዲህ በጣና ደሴት ላይ እንኳ የአገሩና የውጭው ቀድሞውንም ጎረቤታሞች ነበሩ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ በ1480 ገደማ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለ የቬኒስ ሰው ወደ አገራችን ገባ። አገሬው መርቆሬዎስ ብሎ ጠራው። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአካል አግኝቶታል፤ ሠዓሊ ቢሆንም የተከበረና ባለ መሬት ጌታ እንደ ነበረ ጽፎልናል። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ለእንግዳ የሚሰጠው ክብር የመመለሻ መንገድን አይጨምርም ነበር። በዚያው ቤተ መንግሥት ይኖር የነበረው ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያም ርስትም ቤተ ሰብም ሲያገኝ፣ ወደ አገሩ እንዲመለስ ግን አልተፈቀደለትም። እጁ ሞልቶ ልቡ የጎደለ ስደተኛ ነበረ ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ብራንካሌዮን አገሩን ባያይም አልረሳውም። ሥዕል እንዲሥል ሲታዘዝ፣ እንደ ልጅነት አገሩ ልማድ ሕፃኑን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ አድርጎ ሣለው። የኋላ ጸሐፊዎች እንደ ተረኩት፣ በዚህ ምክንያት ታላቅ ሁከት ተነሣ። በእኛ ዘንድ ቀኝ የክብር ነው፤ ሰው ለሰው ዕቃ እንኳ በግራ እጁ አያቀብልም። በወንጌልም ፍየሎቹ በግራ፣ በጎቹ በቀኝ ይቆማሉ። ስለዚህ የጌታን ሕፃንነት በግራ ማስቀመጥ ለሕዝቡ ንቀት መሰለው። ሥዕሉ የዳነው ንጉሡ ስለ ደገፈው ነው ይባላል። ለቬኒሱ ሰው የእናቱ አገር ትዝታ የሆነው ነገር፣ ለተመልካቹ ስድብ ሆኖ ታየ። ሁለቱም እንደ ልማዳቸው እውነተኞች ነበሩ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1603 ኢየሱሳዊው ካህን ፔሮ ፓይስ ወደ አገራችን ገባ፤ በሰሜን ጣና ዳርቻ በምትገኘው በጎርጎራም እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1622 ድረስ አገለገለ። ኢየሱሳውያን በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚከበረውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጂ ይዘው በየሚስዮናቸው ያሰራጩ ነበር። ሃይማኖታቸው በአገራችን ጽኑ ጦርነት አስነሥቶ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያንም ከአገር ተባረሩ።

ሰዎቹ ወጡ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ። የአገራችን ሠዓሊዎች ደጋግመው ሣሉት፤ ዓይኑን አጎሉት፤ በአገሩ ቀለም አለበሱት፤ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው በግራና በቀኝ አቆሙለት፤ ሥዕሉን ያሠራውንም ሰው ከእግርጌው ሰግዶ አሳዩት። በዚህ እጅግ በተወደደ ሥዕል ላይ ሕፃኑ መጽሐፉን ይዞ የተቀመጠው በየትኛው ክንድ ነው? በግራው! ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ሁከት ያስነሣው አቀማመጥ፣ አሁን የምእመናን መማፀኛ ሆነ። የተለወጠው ክንዱ ሳይሆን እጁ ነው፤ በአገሬው እጅ ስለ ተሣለ ባለ አገር ሆነ።

በዘመናችንም መንገዱ ወደ ሌላው አቅጣጫ ዞረ። በ1937 በአዲስ አበባ የተወለደው እስክንድር ቦጎሲያን፣ በአባቱ ወገን የአርመን ስደተኞች ዘር ነው። በ1955 ለትምህርት ወደ ሎንዶን ሄደ፤ ከዚያም በፓሪስ ኖረ፤ በ1966 ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን አስተማረ። በኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመት ሲያስተምር ቆይቶ በ2003 ዐረፈ። በሥራው የብራናና የክታብ ጥቅልል መልክ በግልጥ ይታያል። በ1950 የተወለደው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍም በካሊፎርኒያ ሆኖ ፊደላችንን ሥዕል አድርጎታል። ብራንካሌዮን ቬኒስን ይዞልን እንደ መጣ፣ እነዚህ ደግሞ ፊደላችንንና ብራናችንን ይዘው ወጡ።

ክቡራን አድማጮች፣ ከዚህ ታሪክ በመሥሪያ ቤት ላለን ሰዎች የሚገኝ ትምህርት አለ። የእንግዳ ሥራ ሲቀርብልን፣ ከልማዳችን ስለ ወጣ ብቻ መጣል እንደማይገባ የግራው ክንድ ይመሰክራል። በሌላ በኩል፣ በየደብሩና በየደሴቱ ያሉት ቅርሶች ተመዝግበው ካልተጠበቁ፣ አንድ ሌሊት በሌባ እጅ ወይም በእሳት ይጠፋሉ። ብራንካሌዮን ሥዕሎበታል የተባለው አትሮንሰ ማርያም በ1531 በግራኝ ጦር ተቃጥሏል፤ ዛሬ የምናየው የለም። በባሕር ማዶ ያለው የአገራችን ሠዓሊም ቤቱን ፈልጎ በመጣ ጊዜ፣ የሚመሳከርበት ሥዕል በስፍራው ቆይቶ እንዲያገኝ ማድረግ የመዝጋቢውም፣ የጠባቂውም፣ የፈቃድ ሰጪውም ዕዳ ነው።