ሥዕልና ታንኳ በካናዳ ሐይቆች

ሠዓሊዎች ተፈጥሮን ለመመልከት ወደ ዱር መውጣታቸው ጥንታዊ ልማድ ነው። ነገር ግን የዘይት ቀለም ይዞ ወጥቶ ሥዕሉን በዚያው በሜዳ መፈጸም ለብዙ ዘመን አስቸጋሪ ነበረ፤ ቀለሙ በእንስሳ ፊኛ ተቋጥሮ ይያዝ ስለ ነበረ ቶሎ ይበላሽ ነበርና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ዓ.ም. ጆን ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ቀለም በሚጨመቅ የቆርቆሮ ቱቦ የሚያዝበትን ዘዴ ካወጣ ወዲህ የሠዓሊው መሣሪያ ሁሉ በአንድ ሣጥን የሚያዝ ሆነ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ሣጥን በካናዳ ከታንኳ ጋር ተገናኘ። የዚያች አገር ደን በሐይቅና በወንዝ የተያያዘ ስለ ሆነ ዋናው መንገድ ውሃው ነበረ። ታንኳውን የፈለሰፉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ የበርች ዛፍ ልጣጭ በዛፍ ሥር ሰፍተው፥ ስፌቱን በሙጫ ደፍነው ይሠሩት ነበረ። ቀላል ስለ ሆነም ውሃው በተቋረጠበት ስፍራ ተሸክመው እስከሚቀጥለው ሐይቅ ያደርሱታል። ፖል ኬን የተባለው ሠዓሊ ከ1846 እስከ 1848 ከሐድሰን ቤይ ኩባንያ ነጋዴዎች ጋር በታንኳ እየተጓዘ የእነዚህን ሕዝቦች መልክና ኑሮ በብዙ ንድፍ አስቀርቷል።

ከእርሱ በኋላ በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ቶም ቶምሰን ነው። በ1877 በኦንታሪዮ ተወልዶ በቶሮንቶ ከተማ በንግድ ሥዕል ሥራ ተቀጥሮ ሲኖር፥ በ1912 አልጎንኩዊን ወደሚባለው የተከለለ ደን ሄደ። በዚያው ዓመት በሌላ ወንዝ ሲጓዝ ታንኳው በውሃ ተጥለቅልቆ ካነሣቸው ፎቶግራፎች የሚበዙት ጠፉበት። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ በየዓመቱ ወደ ደኑ ይመለስ ነበረ፤ ለኑሮውም መንገድ መሪና የእሳት ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል።

ታንኳው ብዙ ዕቃ ስለማይችል ቶምሰን የሚሥለው 21 በ27 ሳንቲ ሜትር ያህል በሆነ ትንሽ ጣውላ ላይ ነበረ። ብርሃኑ ሳይለወጥ መፈጸም ስላለበትም ብሩሹን ያፈጥናል፤ በቀለሙም መካከል ባዶው እንጨት ይታያል። እንግዲህ ይህ አሣሣል ከጥበብ ብቻ ሳይሆን ከችግርም የተወለደ ነው። ክረምት ሲገባ ወደ ቶሮንቶ ተመልሶ ከንድፎቹ ጥቂቶቹን በሸራ ላይ ያሰፋቸዋል። በ1916 የተነደፈው «ጃክ ፓይን» የተባለው የጥድ ዛፍ ሥዕል በሸራ ላይ ሲሠራ 128 በ140 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ፤ የካናዳ ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክርም በ1918 ገዛው። ሠዓሊው ግን ይህን አላየም። በጁላይ 8 ቀን 1917 በካኑ ሐይቅ ባዶ ታንኳው ተገልብጦ ታየ፤ ሬሳው ከስምንት ቀን በኋላ ተገኘ። ዕድሜው 39 ዓመት ነበረ፤ የሞቱም ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ወዳጆቹ በ1920 «የሰባቱ ቡድን» የተባለውን የሠዓሊዎች ማኅበር ሲመሠርቱ የእርሱን ፈለግ ተከትለዋል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ እንድንል ያስፈልጋል። ብዙ ተመልካች ብቸኛውን ዛፍ አይቶ ያ ምድር ሰው ያልረገጠው ዱር ነበረ ብሎ ያምናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ደኑ በ1893 ከመከለሉ አስቀድሞም ከዚያም በኋላ ግንድ ይቆረጥበት ነበረ፤ ቶምሰን ራሱ ግንድ በወንዝ ሲነዳና ውሃው በግድብ ሲታገድ ሥሏል። ነገር ግን በሕዝብ ዘንድ የገነኑት እነዚህ ሳይሆኑ ባዶ ምድር የሚያሳዩት ናቸው። ምድሩ ደግሞ የአልጎንኩዊን ሕዝብ ርስት ነው፤ ደኑም በስማቸው ይጠራል። ኬን የሣላቸው ነባር ሰዎች ግን በቶምሰን የአገር ገጽ ሥዕሎች ውስጥ አይታዩም፤ ሠዓሊውን ተሸክሞ የወሰደው ታንኳ የእነርሱ አባቶች ያወጡት ቅርጽ ሆኖ ሳለ።

ይህን የምንለው የሠዓሊውን ሙያ ለማሳነስ አይደለም። በቦታው ተገኝቶ በዓይኑ ያየውን ብርሃን እንዲህ አድርጎ ያስቀረ ሰው ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ሥዕል የታሪክ ምስክር ሆኖ ሲቀርብ፥ እንደ ማናቸውም ምስክር ሊጠየቅ ይገባል። ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው የአገር ገጽ ሥዕል ሲያሳዩ፥ በሥዕሉ ምን እንዳለ ካስረዱ በኋላ ማን እንደ ቀረም ቢጠይቁ፥ ትምህርቱ የተሟላ ይሆናል።