ተመልካች ወለድ

«የደጋፊ ልብወለድ» የሚሉት አጠራር እየተዛመተ ነው። ቡታጅራ ውስጥ አንዲት ተማሪ በደብተር የጻፈችውን ታሪክ እንዳነብላት ስትሰጠኝ፣ ሽፋኑ ላይ በደማቅ እስክሪብቶ ያሰፈረችው ይህንኑ ነው። በ«ሰው ለሰው» ድራማ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ወስዳ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ክፋት ሳይለምድ፣ ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ የሰው ሱቅ ሲጠብቅ አሳይታዋለች። ታሪኩን ወደድኩት፤ የሽፋኑ ስም ግን ቆረቆረኝ።

ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የወደዱትን ድራማ ገጸ ባሕርያት ተውሶ የራስን ታሪክ መጻፍ ነው። የ«ስታር ትሬክ» ወዳጆች ገና በ1967 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚያወጣ መጽሔት ነበራቸው። እኛ ዘንድ አብዛኛው በአፍ ይቀራል። በአማርኛ የታየው ክፍል ማታ በቸሃኛ ወይም በመስቃንኛ ሲተረክ፣ ተራኪው ያልጣመውን እያቃና ያልፋል።

ታዲያ «ደጋፊ» ከየት መጣ? «ደገፈ» ማለት እንዳይወድቅ ያዘ ማለት ነው። ክለብና ፓርቲ ደጋፊ አላቸው። ይህች ልጅ ግን ማንንም አልደገፈችም፤ እንዲያውም ከደራሲዎቹ ጋር ተሟግታለች። ከጣሊያንኛ የወረስነው «ቲፎዞ» ደግሞ ጩኸት ይበዛበታል። «የአድናቂ ልብወለድ» ይሻላል፤ ሆኖም አድናቂ «ጉድ ነው!» ብሎ ይቀመጣል እንጂ ብዕር አያነሳም። «ተቀጥላ ልብወለድ»ም ይቻል ነበር። ተቀጥላ በሌላ ዛፍ ላይ የሚበቅል ተክል ስለሆነ ምስሉ ያምራል። ግን ቃሉ በአፋችን መናቂያ ሆኗልና ማንም በጽሑፉ ላይ እንዲለጠፍበት አይፈልግም።

እኔ «ተመልካች ወለድ» እላለሁ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው መጽሐፍ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ያ ርእስ የዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ ልብ የወለደው ማለት ነው። «አየር ወለድ»፣ «ውሃ ወለድ» እያልን እስካሁን እናራባዋለን። የብድር ወለድም አለ። ገበያ ውስጥ ላደገ የወልቂጤና የቡታጅራ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም፤ ዋናው ሳይጎድል ከላዩ የሚወለድ ነው። ድራማው ዋናው ነው፤ የተማሪዋ ታሪክ ወለዱ። ከመጽሐፍ ሲነሳ «አንባቢ ወለድ»፣ ከሬዲዮ ድራማ ሲነሳ «አድማጭ ወለድ» ይሆናል። «የደጋፊ ልብወለድ» እንዲህ መዋለድ አይችልም። እንዲህ ያለ ሥር እያለው አማርኛን በቃል ድሃነት መክሰስ ግፍ ነው።

ይህ ለአማርኛ ብቻ የምለው አይደለም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃኛ የጻፉት የ«ሽነጋ» ታሪክ በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ ቋንቋው ልብወለድ እንደሚሸከም ያኔ ታይቷል። የቸሃና የመስቃን ልጆች በየቋንቋችሁ የሚስማማውን ስም አውጡለት። በአማርኛ የምትጽፉ ግን ከእንግዲህ «ተመልካች ወለድ» በሉት።