ታሪካዊ ቤቶችን ለዘመናዊ መኖሪያነት ማዋል፤ ሕጉና ተሞክሮው

ዕድሜ ጠገብ ሕንጻዎችን አድሶ ለመኖሪያ አፓርታማነት፣ ለሆቴልነት ወይም ለሙዚየምነት ማዋል ቅርሶቹ ከመፍረስ የሚድኑበት አንዱ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ አገልግሎታቸው ሲለወጥ ታሪካዊ ይዘታቸው እንዳይጠፋና በውስጣቸው የሚኖሩ ዜጎች እንዳይዘነጉ አስቀድሞ ሊወሰኑ የሚገባቸው ጉዳዮች አሉ።

በአዲስ አበባ የመሳፍንትና የመኳንንት መኖሪያ የነበሩ በርካታ ቤቶች አገልግሎት የተለወጠው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ምክንያት ነው። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር እንዲሆኑ ተደርጓል። በዚህም ለአንድ ቤተሰብ የተሠሩ ሰፋፊ ቤቶች በክፍል በክፍል ተከፋፍለው የብዙ አባወራዎች መኖሪያ ሆነዋል።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግል ይዞታ ሥር እንዲቆይ ይፈቅዳል። ባለይዞታው በራሱ ወጪ ቅርሱን የመንከባከብ ግዴታ ያለበት ሲሆን፣ ማንኛውም የጥገናና የእድሳት ሥራ የሚከናወነው በባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ ነው። ወጪው ከባለይዞታው አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን በድጎማ ሊሸፍን እንደሚችልም በአዋጁ ተመልክቷል።

በአገልግሎት ለውጥ ከተጠበቁት መካከል የጦር ሚኒስትር የነበሩት የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ ቤት የሚገኝበት ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ አገልግሏል። በእቴጌ ጣይቱ የተሠራው ሆቴል በአንጻሩ በነባር አገልግሎቱ ቢቀጥልም በጥር 2007 ዓ.ም በደረሰ የእሳት ቃጠሎ ከፊሉ ወድሟል። ይህም የአሮጌ ሕንጻዎች የእሳትና የኤሌክትሪክ ደህንነት ልዩ ትኩረት እንደሚያሻው ያመለክታል።

በውጭ አገር ከሚጠቀሱት አንዱ በለንደን የሚገኘው የባተርሲ የኃይል ማመንጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራውን ያቆመው ይህ ሕንጻ ለአሥርት ዓመታት ሳይለማ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 ቅንጡ አፓርታማዎች፣ ቢሮዎችና መደብሮች ይዞ ተከፍቷል። ያረጁት አራት ጭስ ማውጫዎቹም በቀድሞ ቅርጻቸው እንደገና ተገንብተዋል። ሕንጻው ቢድንም ቤቶቹ ከፍተኛ ገቢ ላላቸው ብቻ የሚቀመሱ መሆናቸው ትችት አስከትሏል።

ጉዳዩ ለአገራችንም ወቅታዊ ነው። በ2016 ዓ.ም በፒያሳና አካባቢው በተካሄደው የኮሪደር ልማት በርካታ ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። የቅርስ አዋጁ በዋና ከተማዋ ብቻ የተወሰነ ባለመሆኑ በደሴም ሆነ እንደ ቆቦና ጎብዬ ባሉ ከተሞች የሚሠሩ ኃላፊዎች ነባር ቤቶችን አስቀድመው መመዝገብ ይጠበቅባቸዋል። ያልተመዘገበ ቤት ቅርስነቱ የሚታወሰው ብዙውን ጊዜ ከፈረሰ በኋላ ነውና።