ሙቃበላና የኮምፒውተር ንባብ፦ የሐይቅና የአምባሰል ጽሑፎች በዩኒቨርሲቲ ምርምር

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት ሐይቅና አምባሰል የሁለት ዐይነት መጻሕፍት አገር ናቸው። በአንድ ወገን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የግዕዝ ብራናዎች አሉ፤ በሌላ ወገን በየመስጂዱ፣ በየሐድራውና በየዓሊሙ ቤት የተቀመጡ የዐረብኛና የዐጀሚ ኪታቦች አሉ። ሁለቱም ስለ አንድ አገር ይናገራሉ። የሺሃቡዲን አሕመድ (ዐረብ ፈቂህ) «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» የኢማም አሕመድ ሠራዊት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ሐይቅ መድረሱን ይተርካል፤ የገዳሙ መጻሕፍት ደግሞ ከዚያ በፊት ስለነበረው ዘመን ይመሰክራሉ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያነብ የታሪክ ሰው የአገሩን ግማሽ ብቻ ያያል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሁለቱ ቅርሶች በዩኒቨርሲቲ ምርምር፣ በተለይም በኮምፒውተር ሳይንስ በኩል፣ የተጓዙትን መንገድ ነው። ኮምፒውተር የእጅ ጽሑፍ ማንበብ የሚማረው አስቀድሞ ሰው አንብቦ ካረጋገጠው ጽሑፍ ነው። የዐጀሚን ኪታብ አንብቦ የማረጋገጥ ዕውቀት ደግሞ በመሻይኾቻችንና በመምህሮቻችን ዘንድ ይገኛል። ስለዚህ እነርሱ ያልተካፈሉበት ምርምር ይህን ቅርስ በትክክል ሊያነበው አይችልም ብለን እናምናለን።

የብራናው መንገድ

አባ ኢየሱስ ሞአ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ያስጻፉት ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ሲሆን፣ ከወንጌሉ ጋር የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ይህን ወንጌል በቁጥር 1832 መዘገበው። የፊልሙ ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀመጠ፤ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸውም ለስብስቡ ካታሎግ አዘጋጁለት። ሥራው የወሰደው ምስልን እንጂ ብራናውን አልነበረም። በዚህ መንገድ ብራናው አስቀድሞ ምስል፣ ቀጥሎም ቁጥር፣ ከዚያም ካታሎግ አገኘ።

ኮምፒውተሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ወርቁ ዓለሙ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የማስተርስ ጥናት የአማርኛን ፊደል በኮምፒውተር የማንበብን ሙከራ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ አገኘ። ሚሊዮን መሸሻና ሌሎች ተመራማሪዎችም ሥራውን ቀጠሉበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ብርሃኑ በላይና ባልደረቦቹ ያወጡት የጥናት ስብስብ 337,337 የመስመር ምስሎችን ይዟል። ከእነዚህ ከታተመ ገጽ የተወሰዱት 40,929 ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ቅርጾች በኮምፒውተር የተዘጋጁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ከ18ኛው እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተጻፉ 1,700 ያህል ገጾች የተወሰዱ፣ ወደ 80,000 የሚጠጉ የእጅ ጽሑፍ መስመሮች ከነንባባቸው ቀረቡ።

ከእነዚህ ቁጥሮች አንድ ትምህርት እንወስዳለን። የታተመ ፊደልን ምስል ማሽን ራሱ ሊያዘጋጀው ይችላል፤ የፊደሉ ቅርጽም ንባቡም አስቀድሞ የታወቀ ነውና። የእጅ ጽሑፍ ግን በእያንዳንዱ መስመር ሰው ተቀምጦ ሊያነበው ይገባል። ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች በሙሉ ደግሞ የተሠሩት በግዕዝ ፊደል ላይ ነው።

የኪታቡ መንገድ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወሎ በጀማ ንጉሥ፣ በዳና፣ በሾንኬና በሌሎችም የዒልም ማዕከላት የታወቀ አገር ነበር። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በወሎ ሙስሊሞች ላይ የሃይማኖት ለውጥ ግዴታ ሲጣል ብዙ ዑለማእ ተሰደዱ፤ ግዴታውን ከተቃወሙት መካከል ሸይኽ ጠልሃ ኢብኑ ጀዕፈር አንዱ ነበሩ። እኚህ ዓሊም ለሕዝቡ በሚገባው አማርኛ፣ በዐረብኛ ሐርፍ፣ ሃይማኖታዊ ግጥሞችን ጽፈዋል። ዐጀሚ የምንለውም ይህን የአጻጻፍ ስልት ነው።

ይህን ታሪክ ወደ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ያስገቡት በዋነኝነት ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ናቸው። በ1985 እ.ኤ.አ. በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን አቀረቡ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የጻፉትም መጽሐፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከዚያ በኋላ አሌሳንድሮ ጎሪ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚገኙትን የዐረብኛ ጽሑፎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል፤ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲም የአፍሪካ ቀንድን እስላማዊ ጽሑፎች የሚያጠና ፕሮጀክት መርተዋል። በእነዚህ ጥረቶች ኪታቡም ወደ ካታሎግ ደረጃ መድረስ ጀምሯል። ከካታሎግ ወደ ማሽን ንባብ ለመሻገር ግን ዐጀሚ የራሱ የሆነ አስቸጋሪ ባሕርይ አለው።

ዐረብኛ 28 ሐርፎች አሉት። ገ፣ ቸ፣ ጨ፣ ኘ፣ ጰ እና የመሳሰሉት የአማርኛ ድምፆች በእነዚህ ውስጥ የራሳቸው ሐርፍ የላቸውም፤ ሦስቱ ሐረካዎችና ሦስቱ የመድ ሐርፎችም የአማርኛን ሰባት አናባቢዎች አንድ ለአንድ አይሸፍኑም። ጸሐፊዎቹ ችግሩን በነባሩ ሐርፍ ላይ ነጥብ በመጨመር ወይም አንዱን ሐርፍ ለሁለት ድምፅ በማዋል ፈቱት፤ አፈታቱም ከቦታ ቦታ፣ ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል። ለምሳሌ ካፍን ለ«ከ»ም ለ«ገ»ም የሚጠቀም ጸሐፊ ቢኖር፣ «ከረመ» እና «ገረመ» በእጁ አንድ ዐይነት ሆነው ይጻፋሉ። ሁለቱን ለይቶ የሚያነባቸው መንዙማውን በቃሉ የያዘ ሰው ነው።

በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የነበሩት አል-ኪንዲ የተሰወረ ጽሑፍን ለመፍታት የሐርፎችን ድግግሞሽ መቁጠርን አስተምረዋል። የዛሬው ማሽንም አሻሚውን ሐርፍ የሚገምተው ብዙ ጊዜ ካየው የቃላት አቀማመጥ ተነሥቶ ነው። ሆኖም የሚቆጥረው ነገር እንዲኖረው አስቀድሞ በትክክል የተነበበ ብዙ ጽሑፍ ሊቀርብለት ይገባል።

ሙቃበላ እንደ ምርምር ዘዴ

ይህ «በትክክል የተነበበ ጽሑፍ» ለኮምፒውተር ሳይንስ አዲስ ሊመስል ይችላል፤ ለዒልም ሰዎች ግን አዲስ አይደለም። በ643 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑ ሶላሕ «ሙቀዲማ» በተባለው ሥራቸው፣ ሐዲሥ የሚጽፍ ደረሳ ቅጂውን ከሸይኹ ዋና ኪታብ ጋር እንዲያስተያይ ያዝዛሉ። ሙቃበላ ማለት ይህ ነው። በኅዳጉ ላይ የሚጻፈው «ሶሐ» የሚለው ምልክት እርማቱ የተረጋገጠ መሆኑን ያሳያል፤ ኢጃዛው ደግሞ ማን ከማን እንደ ተማረ ይናገራል።

ተመራማሪዎች የማሽንን ስሕተት የሚለኩት በሐርፍ ቁጥር ነው። ከመቶ ዘጠና አምስቱን በትክክል ያነበበ ማሽን ጥሩ ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን 1,000 ሐርፍ ባለው ገጽ ላይ 50 ስሕተት ይተዋል። አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ ደግሞ ከአምባሰል ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ቅጂ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ በኢጣሊያ በኩል መጠቀም ይችላሉ ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገው። የሁለቱ ቅጂዎች ልዩነት በ1888 ዓ.ም. እስከ ዐድዋ ጦርነት አደረሰ። በዐቂዳና በፊቅህ ኪታብ ላይ የሚፈጠር የንባብ ስሕተትም በቀላሉ ሊታለፍ አይገባውም።

ከመምህራንና ከኢማሞች የሚጠበቀው

ኪታብ ከእጅ ከወጣ አይመለስም የሚለው ስጋት መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው ብራናዎች ዛሬም በለንደን ይገኛሉ። ስለሆነም የመጀመሪያው ሁኔታ ኪታቡ ከባለቤቱ ቤት ሳይወጣ፣ ባለቤቱ ባለበት ምስሉ ብቻ እንዲወሰድ ነው፤ ኪታብ አማና ነውና። የምስሉም አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ሊቀር ይገባል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ገጽ ሁለት አንባቢዎች ለየብቻ ያንብቡት፤ በተለያዩበት ቦታ ሦስተኛ ዓሊም ይዳኝ። ሦስተኛ፣ የጸሐፊው ልዩ አጻጻፍ «ተስተካክሎ» ሳይሆን እንዳለ ይመዝገብ፤ የዚያ አካባቢ የአጻጻፍ ታሪክ የሚገኘው በዚያ ውስጥ ነው። አራተኛ፣ የአንባቢው ስም ከንባቡ ጋር ይቀመጥ። ይህ ለሥራው ኢስናድ ይሆነዋል፤ አንባቢውም በጥናቱ ውስጥ እንደ መረጃ ሰጪ ብቻ ሳይሆን እንደ ተመራማሪ እንዲቆጠር ያደርጋል። አምስተኛ፣ ማሽን ያነበበው ማንኛውም ጽሑፍ፣ በተለይም የቁርኣን አንቀጽ ወይም ሐዲሥ የያዘ ከሆነ፣ ሰው ሳያስተያየው ለትምህርት አይዋል።

በደሴና በኮምቦልቻ ያሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከሐይቅና ከአምባሰል ሩቅ አይደሉም። መሣሪያውና የማስላት ዕውቀቱ በዩኒቨርሲቲ አለ፤ ንባቡ በመስጂድና በሐድራ አለ። መሣሪያው ነገም ሊገዛ ይችላል፤ ዐጀሚውን ከሸይኹ አፍ ሰምቶ የተማረው አንባቢ ግን ካረፈ በኋላ አይተካም። ኪታቡ በእጃችን ሳለ ንባቡ ከጠፋ፣ ለልጆቻችን የምናወርሰው ማንም የማያነበውን ወረቀት ይሆናል። ሥራው ከአንባቢዎቹ መጀመር ያለበት ስለዚህ ነው። ወላሁ አዕለም።