ነፃ ወጣህ፤ በሬዎችህስ?

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬም ታሪክ ነው፣ ፈተና ግን የለውም።

በቀደም ወረታ ሻይ ቤት አንድ የፎገራ ገበሬ አጠገቤ ተቀመጠ። በስርቆት ተከሶ ከዓመት በላይ ሲመላለስ ከርሞ በነፃ ተሰናብቷል። ለጠበቃ ብሎ ሁለቱንም የእርሻ በሬዎቹን ሸጧል። «መምህር፣ ነፃ ነህ አሉኝ። በሬዎቼንስ ማን ይመልስልኝ?» አለኝ። ወረታ በምትባል ከተማ የዚህ ሰው ወረታ ሲጠፋ ማየት ይገርማል። መልስ አልነበረኝም፤ ቤት ገብቼ መጽሐፍ ሳገላብጥ አመሸሁ።

በአያቶቻችን ሙግት ኪሳራው ገና ሲጀመር ይታወቅ ነበር። አንዱ ሌላውን መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆመዋል፣ ነጠላ ለነጠላ ይቋጠሩና ዛፍ ሥር ዳኛ ፊት ይቆማሉ። ከዚያ ውርርድ ነው፤ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ። የተረታ ይከፍላል። ታዲያ ማሩ የሚገባው ለዳኛው እንጂ ለረቺው አልነበረም! ስለዚህ «ድሮ ቀረ» የምትሉኝ ረጋ በሉ። ቢሆንም ያለ ነገሩ የሚከስ ሰው የሚያጣው ነገር ነበረው።

ከዚያ ዘመናዊዎቹ ሕጎች ተከታትለው መጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም.፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ በ1958። በመሬት ወይም በብድር ተካሰህ ከረታህ የወጪና ኪሳራ ዝርዝር ታቀርባለህ፤ ዳኛው ያስከፍልልሃል፣ ወይም ያችን የለመድናትን «ወጪና ኪሳራ ለየራሳቸው ይቻሉ» ይላል። በግል አቤቱታ የሚካሄድ የወንጀል ክስም በከሳሹ ኃላፊነትና ወጪ ነው። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ሲሆን ግን መንግሥት የጠበቃህን ብር የሚመልስበት ልማድ የለንም። «በነፃ ተሰናብተሃል» ብሎ ፋይሉ ይዘጋል።

መንገድ ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በመንግሥት ሠራተኛ ጥፋት የተጎዳ ሰው ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ነፃ መባል ብቻውን ግን ጥፋት መኖሩን አያሳይም፤ ማስረጃ ስላነሰም ነፃ ይባላል። ዳኛውን ራሱን በፍርድ ሥራው አትከሰውም። በሐሰት የጠቆመህ ጎረቤት በወንጀል ይጠየቃል፤ እያወቀ መዋሸቱን ማስረዳት ግን አለ። ተሳስቶስ ቢሆን? (በእኔ እምነት እዚህ ላይ ሸክሙ የመንግሥት መሆን ነበረበት። ክሱን የመሠረተው እሱ ነውና።)

በሳምንቱ ገበሬውን አግኝቼ ይህን ሁሉ ነገርኩት። አዲስ መዝገብ መክፈት እንዳለበት፣ የዳኝነት እንደሚከፍል፣ ካልቻለ በደሃ ደንብ ማመልከት እንደሚችል።

«ብሬን ለመጠየቅ እንደገና ብር?» አለና ሳቀ። ለጠበቃው ሲከፍል ደረሰኝ ተቀብሎ እንደሆነ ጠየቅሁት። አልተቀበለም። የዘንድሮውን ሩዝ የዘራው በወንድሙ በሬዎች ነው።