የቀረልን፣ የተመለሰልንና የቀረብን

ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ በሯን ዘግታ የምትቀመጥ ትመስላለች። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ጭቃው ከቤት መውጣትን ያስጠላል፤ ሰማዩ ሲጠቁር ሰው ሁሉ ታክሲ ፍለጋ ይሯሯጣል። በእንዲህ ያለው ወቅት ነው ወዳጆቼ «ለመሆኑ ምን የሚታይ ሥዕል አለ?» እያሉ የሚጠይቁኝ። አልፎ አልፎ ስለ ሥዕል ስለምጽፍ በከተማው የሚከፈተውን ዐውደ ርእይ ሁሉ የማውቅ ይመስላቸዋል።

ዐውደ ርእይ ግን ቢበዛ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ይዘጋል። ሥዕሎቹ ከግድግዳ ይወርዱና ገዢ ያገኙት ወደ ሰው ሳሎን ወይም ወደ ውጭ አገር፣ ያላገኙት ደግሞ ወደ ሠዓሊው ጓዳ ይመለሳሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ከመዝጊያው በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ማንም ዜጋ ገብቶ ሊያየው በሚችል ግድግዳ ላይ የቀረልን ሥዕል ምን ያህል ነው? የሦስት ታላላቅ ሠዓሊዎቻችን ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ሦስት የተለያየ መልስ ይሰጣል።

የመጀመሪያው አፈወርቅ ተክሌ ነው። አንኮበር ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ዝንባሌው ግን ወደ ሥዕል አመዘነና ለንደን ውስጥ ሥነ ጥበብ ተምሮ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሥራዎቹን ለብቻው ለሕዝብ አሳየ። ከዚያ ዐውደ ርእይ ያገኘው ገቢ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዶ ሁለት ዓመት ያህል እንዲዘዋወር አስቻለው፤ የባለቀለም መስተዋት አሠራርንም የተማረው በዚሁ ጉዞ ነው።

የዚያ ትምህርት ፍሬ ዛሬ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ይታያል። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ይህ ሕንፃ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም በዚሁ አዳራሽ ነው። የአፈወርቅ መስተዋት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን ይተርካል። የመስተዋት ሥዕል ሕይወቱ ከኋላው የሚመጣው ብርሃን ነው። ደመና ሲያልፍ ቀዩ ይከብዳል፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ቢጫው ይነሣል። ስለዚህ ክረምት ይህን ሥራ ለማየት መጥፎ ወቅት አይደለም። ሕንፃው ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ እንደገና ተመርቋል። ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ቢያደክምም የሚያስቆጭ ድካም አይደለም። ሠዓሊው በ2004 ዓ.ም. አርፏል፤ መስተዋቱ ግን የሕንፃው አካል ነውና ቀረልን።

ሁለተኛው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። በ1925 ዓ.ም. ሐረር ተወለደ። ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ሥዕል አጥንቶ ተመለሰና በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ሰውና እንስሳ፣ ቅዱስና ንጉሥ ማየት ለለመደ ተመልካች መሥመርና ቀለም ብቻ ሲያቀርብለት ብዙዎች «ይህ የፈረንጅ ነው» አሉት። እርሱ ግን ከልስትሮው ልጅ እስከ ስቅለቱ ድረስ የአገሩን ጉዳይ ነበር የሚሥለው። እ.ኤ.አ. በ1963 የሣለው፣ ቀይ ቀለም የነገሠበት «ጎልጎታ» ምስክር ነው። ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን ብዕሩንም የያዘ ሰው ነበር፤ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የተባለው የግጥም መድበሉ የታተመው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ ወጣ። በ1973 ዓ.ም. መጋቢት ወር አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ በስደት ሞተ። ጀርመን አገር ተቀምጠው የነበሩ ሥዕሎቹ ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስድስት ኪሎ የተከፈተው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስሙን የያዘው ከእርሱ ነው። እኔ እዚያ የምሄደው ብዙ ጊዜ ዝናብ ሲያባርረኝ ነው። ጃንጥላዬን በሩ ላይ አስቀምጬ ስገባ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ያልቻለውን ሥዕሎቹ ቻሉ።

ሦስተኛው እስክንድር ቦጎሲያን ነው። በ1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ በለንደንና በፓሪስ ሥዕልን አጠና። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራውን ገዛው። እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ቆይታው አጭር ቢሆንም ጥንታዊውን ብራና፣ ክታቡንና የጠልሰሙን ዐይን ወደ ዘመናዊ ሥዕል ማምጣት እንደሚቻል ተማሪዎቹ ያዩት በእርሱ ነው። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምሮ በ1995 ዓ.ም. ዋሽንግተን ውስጥ አረፈ። ከሠዓሊት ከበደች ተክለአብ ጋር ሆኖ በአሉሚኒየም የሠራው «ኔክሰስ» የተተከለው ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን ግድግዳ ላይ ነው። እዚያ የሚኖር ወገናችን ፓስፖርት ሊያሳድስ ሲሄድ ሊያየው ይችላል። አዲስ አበባ የሚያድግ ልጅ ግን የእስክንድርን ታላላቅ ሥራዎች የሚያውቃቸው ከመጽሐፍ ላይ ፎቶግራፍ ነው። እነዚህ ናቸው የቀረብን።

ሥራዎቹ የባዕድ አገር ሙዚየም መግባታቸውን አልቃወምም፤ በክብር ተይዘዋል፤ ስማችንንም አስጠርተዋል። የሚቆጨኝ ሠዓሊው እዚሁ ሲያስተምርና ሲሥል ሥራውን ገዝቶ ለሕዝብ የሚያኖር አለመብዛቱ ነው። ዛሬስ? አንድ ወጣት ዐውደ ርእዩን ሲዘጋ ከሥዕሎቹ አንዱን እንኳ ለልጆቻችን የሚያስቀር ማን ነው?

ስለዚህ ወዳጆቼ ለጠየቁኝ መልሴ ይህ ነው፦ ከስድስት ኪሎ ጀምሩ፤ ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ ወርዳችሁ ብሔራዊ ሙዚየምን ተመልከቱ፤ ለአፍሪካ አዳራሽም ፈቃድ ጠይቁ። ትምህርት ተዘግቷልና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በመንገዳችሁ ላይ አዲስ ዐውደ ርእይ ካገኛችሁም ግቡ፤ ስትወጡም አዘጋጆቹን «ሲዘጋ እነዚህ ሥዕሎች ወዴት ይሄዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።