እንፍራንዝና የጉዛራ ቤተ መንግሥት፦ ለጎብኚዎች የቀረበ መረጃ

እንፍራንዝ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ባሕር ዳርን ከጎንደር በሚያገናኘው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ የሚገኘው የጉዛራ ቤተ መንግሥት ከፋሲል ግቢ ቀድሞ የታነጸና ለጎንደር ዘመን ሥነ ሕንፃ መንገድ የከፈተ ቅርስ ነው። በመሆኑም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዙ ዜጎች በጉዟቸው መካከል ቆመው ሊጎበኙት ይገባል።

ታሪካዊ ዳራ

እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት አፄ ሠርፀ ድንግል መናገሻቸውን በጣና አካባቢ ያጸኑ ሲሆን፣ የጉዛራን ግንብም ያሠሩት እርሳቸው እንደሆኑ ይታመናል። ግንቡ ሐይቁን ቁልቁል በሚያሳይ ኮረብታ ላይ በድንጋይና በኖራ የታነጸ ሲሆን፣ ክብ ማማዎች አሉት። ይህ የአሠራር ስልት አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ በታነጹት አብያተ መንግሥት ላይ በስፋት ይታያል።

እንፍራንዝ ጎንደር ከተመሠረተች በኋላም የንግድ ማዕከል ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1699 ወደ ጎንደር የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ፣ በከተማዋ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን በግልጽ እንደሚያራምዱና ከክርስቲያኖች ጋር ተጎራብተው እንደሚኖሩ ጽፏል።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ. በ1979 ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጉዛራ የዚሁ ምዝገባ አካል ሆኗል።

የጉዞ መስመር

ከባሕር ዳር የሚነሳ ተጓዥ በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ይጓዛል። ወደ ጉዛራ የሚወስደው መገንጠያ የሚገኘው ከአዲስ ዘመን በኋላ፣ እንፍራንዝ ከመድረሱ በፊት ነው። ከጎንደር የሚነሱ ደግሞ በማክሰኚት በኩል አልፈው እንፍራንዝን ያገኛሉ። በሕዝብ ማመላለሻ የሚጓዙ ሰዎች መውረጃቸውን ለረዳቱ አስቀድመው ቢያሳውቁና የመመለሻ መኪና እንዳይቸግራቸው ጉብኝታቸውን በጠዋት ቢያደርጉ ይመረጣል።

ጉዛራ በሐይቁ ዳር የሚገኝ ባለመሆኑ የጀልባ ጉዞ ከቦታው አይነሳም። ደሴቶችንና ገዳማትን በጀልባ ለመጎብኘት የሚሹ ባሕር ዳርን ወይም ጎርጎራን መነሻ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ቅድመ ዝግጅት

• ጉዞ ከመጀመሩ በፊት የመንገዱን ወቅታዊ የጸጥታ ሁኔታ ከሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ማረጋገጥና የታደሰ መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል።
• ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለጉብኝት ምቹ ነው። በክረምት ወደ ኮረብታው የሚያወጣው መንገድ ሊጨቀይ ስለሚችል ጥሩ መጫሚያ ማድረግ ይገባል።
• በሐይቁ ዙሪያ የሚገኙ ሜዳማ ቦታዎች የወባ ስጋት ስላለባቸው፣ በአካባቢው የሚያድር ሰው በአጎበር መጠቀም ይኖርበታል።
• የሐይቁ ውኃ ለቢልሃርዝያ ሊያጋልጥ ስለሚችል በዳርቻው መዋኘትም ሆነ በባዶ እግር መግባት አይመከርም።
• የእምቦጭ አረም ከተስፋፋባቸው ስፍራዎች አንዱ የሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። ጎብኚዎች የአረሙን ቁራጭ ወይም አበባ ለማስታወሻነትም ቢሆን ወደ ሌላ ውኃማ ቦታ እንዳይወስዱ ይጠየቃሉ።

የጎብኚዎች መብትና ግዴታ

የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመው በሕጋዊ ደረሰኝ ነው። ጎብኚው ደረሰኙን ጠይቆ የመቀበል መብት አለው፤ የአስጎብኚ ዋጋንም ጉብኝቱ ከመጀመሩ በፊት መነጋገር ይገባል።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ማበላሸትና ማጥፋት በሕግ እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰውም ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስለሆነም በግንቡ ላይ መውጣት፣ ስም መጻፍ፣ ድንጋይና የኖራ ፍርስራሽ አንስቶ መውሰድ አይገባም። ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ከቆየ ግንብ ላይ የተነሳ ድንጋይ መልሶ ቢተካም ያው ድንጋይ፣ ያው ልስን አይሆንም፤ ቅርሱ ለመጪው ትውልድ የሚተርፈው ዛሬ የሚጎበኘው ሰው በሚያደርግለት ጥንቃቄ ጭምር ነው።

ለተጨማሪ መረጃ በአቅራቢያ የሚገኘውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል።